የመጋላ ጆሮ

አቦ፣ ሰው ድሬዳዋን ሲያነሳ ሙቀቷንና ብርቱካኗን ብቻ ሲያወራ ደሜ ይፈላል። ሙቀት የትም አለ፤ ብርቱካኑም እንደ ድሮው አይደለም። ይህች ከተማ ያላት ጆሮ ነው፤ ያውም ክፉ ጆሮ። ሠርግ ላይ ድቤ የሚመታ ሰው እጁ ትንሽ ከዘገየች፣ በማግስቱ ቀፊራ ገበያ ሽንኩርት የምትሸጠው ሴት ሳትቀር ታነሳበታለች። እኔ እዚያው ቀፊራ ሽርጥና ድሪያ ስሸጥ ኖሬ፣ በጨርቅ ዋጋ ከተከራከረኝ ሰው ይልቅ በዘፈን የተከራከረኝ ይበዛል ብል ወላሂ አልዋሸሁም።

ይህን ሁሉ የምለው በቢላን ምክንያት ነው። ቢላን የወንድሜ የዲሪር ልጅ ናት። እናቷ እሷን በወለደች በሳምንቷ ሞተች። ዲሪር ደግሞ የከባድ መኪና ሹፌር ነው፤ ዛሬ አሰብ፣ ነገ ጅጅጋ፣ ከዚያ ወዲያ የት እንዳለ አላህ ይወቅ። ልጅቷን በጨርቅ እንደተጠቀለለች አምጥቶ እቅፌ ውስጥ አስቀመጣትና መኪናውን አስነስቶ ሄደ። እኔ ልጅ አልወጣልኝም ነበር። እሷ «ኤዶ ዳሃቦ» ትለኛለች፣ ኤዶ በሶማሊኛ የአባት እህት ማለት ነው፤ ግን እናቷ እኔ ነኝ። ጎረቤቶቼ ይህን አንዳንድ ጊዜ ይረሱታል፤ ለዚያ ነው አስቀድሜ የምናገረው።

መጋላ፣ ሰፈራችን ውስጥ፣ ግድግዳ የሚጋራን ሙሴ ተማም ነው። ሙሴ፣ በፈረንሳይኛ አቶ ማለት ነው፣ የሚባለው ፈረንጅ ሆኖ አይደለም፤ የኛው የድሬ ኦሮሞ ነው። ዕድሜውን ሙሉ ምድር ባቡር ስለሠራና ሲናደድ በፈረንሳይኛ ስለሚሳደብ ነው። በጃንሆይ ጊዜ የባቡር ሠራተኞቹ ክበብ ውስጥ ባንድ ነበራቸው። አንድ ፈረንሳዊ መሐንዲስ ቫዮሊን ያስተምራቸው ነበርና ተማም ከሱ ተማረ፤ ሰውዬው ወደ አገሩ ሲመለስም ቫዮሊኑን ለሱ ትቶለት ሄደ። ሙሴ ተማም ጡረታ ሲወጣ የሰፈሩን ልጆች ግቢው ውስጥ ሰብስቦ ያስተምር ጀመር። ክፍያ የለም። በኖራ በተቀባው አጥሩ ላይ በከሰል አምስት መስመር ያሰምርና ኖታውን እዚያ ይጽፋል። ዝናብ ሲመጣ ይታጠባል፤ ስለዚህ ልጆቹ ከዝናቡ በፊት በቃላቸው መያዝ አለባቸው። ድሬዳዋ ደግሞ ዝናቡ መቼ እንደሚመጣ ማንም አያውቅም።

ቢላን ሰባት ዓመት ቢሆናት ነው፣ አንድ ቀን ወንፊት መልሺልኝ ብዬ ወደሱ ላክኋት። ፀሐይ እስክትጠልቅ አልተመለሰችም። ጎትቼ ላመጣት ስሄድ ቫዮሊኑን አገጯ ሥር ሸጉጣ ቆማለች፤ ሙሴ ተማም ክርኗን ከሥር ደግፎ ይዟል። የምታወጣው አንድ ድምፅ ብቻ ነበር፣ ያንኑ ደግማ ደጋግማ። ሴት ልጅ ይህ ምን ይሠራላታል፣ ነገስ ሰው ምን ይለኛል፣ ብዬ ያልተናገርኩት የለም። እሱ ሰማኝና አንድ ሳምንት ብቻ ተያት አለኝ። እሺ አልኩ። ያ ሳምንት ዓመታት ፈጀ።

አሁን አሠራሩን ልንገራችሁ፤ ይህን የሚያውቅ ሌላ ከተማ ካለ አምጡልኝ። እኛ ዘንድ ከምሳ በኋላ ሱቅ ይዘጋል፤ ፀሐዩ ሰው አያስወጣም። ሰው ጫቱን ይዞ በየቤቱ በርጫ ይቀመጣል። በርጫ የራሱ አካሄድ አለው። መጀመሪያ ወሬ ነው፤ ሁሉም ይናገራል፣ ማንም አይሰማም። ወደ ዘጠኝ ሰዓት ላይ ምርቃናው ሲመጣ ግን ያ ሁሉ ለፍላፊ አንድ በአንድ ዝም ይላል፤ መጋላ በሙሉ ጸጥ ይላል። ሙሴ ተማም ትምህርቱን ያዘጋጀው ይህን አስልቶ ነው። በወሬው ሰዓት ልጆቹን መሰላል ያሠራቸዋል፤ ከታች ወደ ላይ፣ ከላይ ወደ ታች። ለሰሚ የሚያሰለች ነገር ነው፤ ግን ማንም ስለማይሰማ ማንም አይሰለችም። ቁም ነገሩን፣ ከፈረንሳዩ መጽሐፍ ያወጣውን ትልቁን ሙዚቃ፣ ለምርቃናው ሰዓት ያስቀምጠዋል። የሙዚቃውን ስም እኔ አልችለውም፤ ሰፈራችን ውስጥ «ረጅሙ» ነው የሚባለው። ሌላው አዳራሽ ተከራይቶ የማያገኘውን ሰሚ ሙሴ ተማም ከግቢው ሳይወጣ በየቀኑ ያገኝ ነበር።

ሰሚ ብቻ ቢሆኑ ምን ነበረበት! በቀኝ በኩል ሃዎ ናት፤ ቤቷ ሴቶች ተሰብስበው ኮፊያ እየጠለፉ ይቅማሉ። ቢላን አንድ ድምፅ ከሳተች ሃዎ ከተጋደመችበት ሳትነሳ ነጠላ ጫማዋን የቆርቆሮው አጥር ላይ ትወረውራለች። ቃል አትናገርም፤ ጓ ይላል፣ በቃ። ቢላን ከመጀመሪያው ትጀምራለች። በግራ በኩል ሙመድ ነው፤ ሲኒማ ቤት ፊልም የሚያጫውተው። እሱ ደግሞ የሕንድ ፊልም ላይ ቫዮሊን ሲያለቅስ እየሰማ የኖረ ሰው ስለሆነ ጫማ አይበቃውም። አንድ ቀን ረጅሙን ያለ ስህተት ጨርሳ እኔ በኩራት ላብድ ስል፣ ከአጥሩ ወዲያ በዚያ በደከመ ድምፁ፣ ልጄ ጣትሽ ልክ ነው፣ ግን ምንም አልከፋሽም፣ አላት። አንተ፣ የማንም ልጅ ላይ እንዲህ አይባልም ብዬ ልሰድበው ወጣሁ። ልጅቷ ቀሚሴን ይዛ አስቀረችኝ። በማግስቱ ስትጫወት እኔም ሰማሁት፤ የሆነ ነገር ተለውጧል። ሙመድ ዝም አለ፤ እኔ የማላውቀው ምክንያት ሆድ አስብሶኝ ገበያ ሳልሄድ ቀረሁ።

ክር ሲበጠስ ደግሞ ሌላ ጣጣ። የቫዮሊን ክር በዚያ ዘመን ድሬዳዋ ውስጥ ከየት ይመጣል? ከጅቡቲ ነው፤ ጅቡቲ ደግሞ ሃዎ ናት። ሃዎ በባቡር እየተመላለሰች ሽቶና ጨርቅ በኮንትሮባንድ ታስገባለች። አንዴ ፊናንሶቹ፣ የጉምሩክ ፖሊሶቹ፣ ባቡር ላይ ሲፈትሿት ወገቧ ላይ የተጠመጠመ ክር አገኙ፤ ይህ ምንድን ነው ቢሏት ለወገብ ሕመም ነው ብላ ድርቅ አለች። ሽቶዋን ወረሷት፤ ክሩን ግን በሽተኛ ናት ብለው ተዉላት። ቤት ገብታ ክሩን ለቢላን ስትሰጣት ስለ ሽቶዋ አንድ ቃል አልተነፈሰችም። እኔ ይህችን ሴት ጫማ በወረወረች ቁጥር ብረግማትም፣ ያን ቀን ግንባሯን ስሜያታለሁ።

የቀበሌው ሊቀ መንበር ጓድ ገዲ እንኳ አልተረፈም። ለቁጥጥር መጣሁ እያለ ሽጉጡን ታጥቆ የሙሴ ተማም በር ላይ ይቆማል፤ ረጅሙ ሲያልቅ ምንም ሳይቆጣጠር ይሄዳል። ለኪነት ቡድኑ ሰልፍ ቢላንን ሊወስዳት መብት ነበረው፤ አልፎ አልፎም ወስዷታል። ከዘጠኝ እስከ አስር ሰዓት ግን አንድም ቀን ጠርቷት አያውቅም። ስብሰባ ራሱ ከዚያ በኋላ ነበር የሚጠራው።

አንድ ነገር ቀረኝ፤ ዋናውም እሱ ነው። ረጅሙ ከመሐሉ ሲደርስ የአስር ሶላት አዛን ይወጣል። መስጊዱ ከኛ ሁለት አጥር አልፎ ነው። አዛን ሲወጣ ድሬዳዋ ውስጥ የሚዘፍን የለም፤ ሬዲዮ የከፈተ ይዘጋል፣ ክርስቲያኑም ቢሆን ዝቅ ያደርጋል፣ ሠርግ ላይ ድቤው ጭን ላይ ይቀመጣል። ይህን ለቢላን ማንም አላስተማራትም፤ አየሩ ነው ያስተማራት። ቀስቷን ከክሩ ላይ አንስታ፣ ቫዮሊኑን ከትከሻዋ ሳታወርድ፣ አዛኑ እስኪያልቅ ትቆማለች። ሙሴ ተማም ይህቺን ቆይታ ዝም ብሎ አላሳለፋትም። አዛኑ በራሱ መንገድ ይሄዳል፣ አንቺ የራስሽን ድምፅ ልብሽ ውስጥ ይዘሽ ቆይ፣ ይላታል። አዛኑ ሲያበቃ የት ነበርሽ ብሎ ይጠይቃታል፤ መልሱ በአፍ አይደለም፣ በቀስት ነው። ካቆመችበት ድምፅ፣ ከዚያው ከፍታና ከዚያው ፍጥነት መቀጠል አለባት። መጀመሪያ ላይ ዝቅ ብላ ትመለስ ነበርና የሃዎ ጫማ ይጮኽ ነበር። አሥራ አራት ዓመት ሲሞላት ግን ጫማው ከእግር ወልቆ አያውቅም። እኛ ሙዚቃው ራሱ መሐሉ ላይ እንደዚያ የሚቆም ይመስለን ጀመር፤ ያለ አዛን ሰምተነው አናውቅማ።

ወሬው የመጣው በ1976 ክረምት ነው። ከተማው ለአብዮቱ አሥረኛ ዓመት በዓል ቀይ ቀለም ሲቀባ፣ ጓድ ገዲ እየሮጠ መጣ። አዲስ አበባ ካለው የሙዚቃ ትምህርት ቤት ፈታኞች በየክፍለ ሀገሩ እየዞሩ ልጅ ይመርጣሉ፤ ከሐረርጌ የሚወስዱት አንድ ልጅ ነው፤ ፈተናው እኛ ቀበሌ አዳራሽ ይሆናል። ዕድሜው ከአሥራ አራት ያለፈ ልጅ አይቀበሉም። ለቢላን እንግዲህ ይኸው አንዱ ነው፤ ሌላ ክረምት የላትም።

ያን ቀን ማታ ሙሴ ተማም ቤቴ መጥቶ ተቀመጠ። ይህ ሰው ሰው ቤት አይቀመጥም። ሻይ ባቀርብለትም አልጠጣም።

«ዳሃቦ፣ እኔ ያለኝን ጨርሻለሁ» አለኝ። «ከዚህ በኋላ እኔ ዘንድ ብትቆይ ያወቀችውን ትረሳለች እንጂ አዲስ ነገር አታገኝም። የሰልፍ ዘፈን ስትመታ ትቀራለች።»

ምን ልበለው? ልጅቷ እንድታልፍ ፈለግሁ፤ አላህ ምስክሬ ነው፣ ከሱ በላይ ፈለግሁ። ካለፈች ግን ትሄዳለች። ቤቴ ውስጥ ያለችኝ እሷ ናት፤ እሷ ስትሄድ ያ ቤት ምን ይሆናል? ሌሊቱን ሁለቱን እያገላበጥኩ አደርኩ። ጠዋት ተነስቼ ለፈተናው የምትለብሰውን ቀሚስ ልሰፋላት ጨርቅ ቆረጥኩ።

የፈተናው ቀን አዳራሹ ሞላ። ማንም አልተጠራም፤ ሁሉም መጣ። የሃዎ በርጫ ከነኮፊያው፣ የሙመድ በርጫ ከነትራሱ፣ ጡረታ የወጡት የባቡር ባንድ ሰዎች ክራቫት አስረው። ሰዓቱ የበርጫ ሰዓት ስለነበር ሰዉ ጫቱን እቤቱ ቀደም ብሎ ጨርሶ ነው የመጣው፤ ግማሹ አዳራሽ መርቅኗል። ጓድ ገዲ በር ላይ ቆሞ የሚያስነጥስ ሰው እንኳ በዓይኑ ይቆጣ ነበር። ፈታኞቹ ሁለት ናቸው፤ አንዱ መነጽር ያደረገ ጠና ያለ ሰው፣ አንዷ ወጣት ሴት። ከጎናቸው ከአንድ ግሪክ ቤት የተወረሰ ፒያኖ አለ።

መነጽር ያደረገው ሰውዬ ተነስቶ ደንቡን ነገረን። ልጁ የመረጠውን አንድ ሙዚቃ ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ ይጫወታል፤ መሐል ላይ ያቋረጠ ይወድቃል፣ ሁለተኛ ዕድል የለም። እኛ አንገታችንን ነቀነቅን። ወላሂ አንዳችንም ምንም አልጠረጠርንም። ሙሴ ተማም እንኳ፣ ያ ሁሉን የሚያሰላ ሰው፣ አንገቱን ነቀነቀ።

ከቢላን በፊት ከሐረር የመጣ ልጅ ክላርኔት ተጫወተ። አባቱ ወታደር ነው፤ የደንብ ልብሱን ለብሶ ፊት ወንበር ተቀምጧል። እውነቱን መናገር አለብኝ፤ ልጁ ጎበዝ ነበር። ሙመድ ራሱ ዓይኑን ጨፍኖ ሰማው። ሲጨርስ አጨበጨብንለት፤ ጥሩ ነገር ሰምተን እጃችንን አጣምረን መቀመጥ አንችልበትም። 

ቢላን ወጣች። ያን የሰፋሁላትን ሰማያዊ ቀሚስ ለብሳ፣ ሻሿን አጥብቃ አስራ። ሰው አላየችም። ቀስቱን ክሩ ላይ አሳረፈችና ረጅሙን ጀመረች። ስንት ጊዜ የሰማሁት ነገር ነው፤ ያን ቀን ግን አዲስ ሆነብኝ። ግቢ ውስጥ ስትጫወት ድምፁ በአጥር፣ በቆርቆሮ፣ በዶሮ መሐል ነበር የሚመጣው፤ አሁን ራቁቱን መጣ። ወጣቷ ፈታኝ እስክሪብቶዋን አስቀመጠች። መነጽር ያደረገው ሰውዬ ወንበሩ ላይ ወደ ፊት ጎንበስ አለ። አልሐምዱሊላህ፣ አለቀ፣ ወሰደችው፣ አልኩ በልቤ።

መሐሉ ላይ ስትደርስ አዛን ወጣ።

ቢላን ቀስቷን አነሳች። ቫዮሊኑ ትከሻዋ ላይ፣ ዓይኗ መሬት ላይ፣ ዝም ብላ ቆመች። እኛም አንገታችንን ደፋን። አዳራሹ ውስጥ ከአዛኑ በቀር ድምፅ የለም። እኔ ቀና ስል መነጽር ያደረገው ሰውዬ መጀመሪያ እሷን፣ ቀጥሎ ሰዓቱን አየ፤ ወረቀቱ ላይ አንዲት ነገር ጫረና እስክሪብቶውን ከደነ። ያኔም አልገባኝም። አዛኑ አለቀ። ቢላን ቀስቱን መለሰች፤ ከዚያው ድምፅ፣ ከዚያው ከፍታ፣ ምንም እንዳልተፈጠረ ቀጠለችና እስከ መጨረሻው ሄደች። ጣሪያው እስኪነሳ አጨበጨብን። ሙመድ በሽርጡ ጫፍ ዓይኑን ጠረገ።

ሰውዬው እጁን አንስቶ ጭብጨባውን አስቆመው። ክፉ ሰው አልነበረም፤ ፊቱ ላይ ደስታ አልነበረም። ልጅቷ ችሎታ አላት፣ በጣም አዝናለሁ፣ ግን አቋርጣለች፤ ደንቡን ቀድሜ ተናግሬያለሁ፣ አለ። የሐረሩን ልጅ ስም ሊጽፍ ወረቀቱን ሳበ።

አዳራሹ ወዲያው አልገባውም። ሃዎ ጆሮዬ ሥር፣ ማን ነው ያቋረጠው ይላል፣ አለችኝ። ቢላንም እንደኛው ነበረች፤ ሰውዬውን ግራ ተጋብታ ታየዋለች።

«አላቋረጥኩም» አለች። «አዛን ነበር። እየጠበቅኩ ነበር።»

ያኔ ሙሴ ተማም ተነሳ። ያን ሰውዬ እንደዚያ ሆኖ አይቼው አላውቅም፤ ከንፈሩ ደርቋል። ጥፋቱ የኔ ነው አለ። እዚህ አገር በአዛን ሰዓት የሚጫወት የለም፤ ፈረንሳዩ አስተማሪዬ እንኳ ባንዱን የሚመራበትን ዱላ አስቀምጦ ይቆም ነበር። ሌላ አገር መቆም መውደቅ እንደሆነ ልነግራት ይገባኝ ነበር፤ ለኔ ለራሴም ትዝ አላለኝም፤ ስለዚህ እኔን ጣሉኝ እንጂ እሷን አትጣሉ፣ አለ። ቆሞ ቀረ።

እኔስ ዝም ልል ነው? ተነሳሁ። ምን እንደተናገርኩ ሁሉንም አላስታውስም፤ ሶማሊኛም ኦሮምኛም ተቀላቅሎበታል። ይህን ግን አስታውሳለሁ፤ «አንተ ሰውዬ፣ ስትቆም አይተሃል። ስትመለስ ግን ሰምተሃል ወይ?»

 ወጣቷ ፈታኝ ወደ ሰውዬው ጠጋ ብላ የሆነ ነገር አንሾካሾከችለት። እሱ እምቢ ብሎ ራሱን ነቀነቀ፤ እሷ ደገመችለት። በመጨረሻ ተነስቶ ፒያኖው ጋ ሄዶ ተቀመጠና ቢላንን፣ ረጅሙን እንደገና ጀምሪ፣ እጄን ሳነሳ አቁሚ፣ በራሴ ሳመለክትሽ ቀጥዪ፣ አላት።

ጀመረች። እሷ እንደልማዷ መሐሉ ላይ የምትቆም መስሏት ነበር፤ እሱ ግን ገና ከመጀመሪያው፣ አንዷን ሐረግ ሳትጨርስ፣ እጁን አነሳ። ቀስቱን አነሳች። ሰውዬው ፒያኖውን ይመታው ጀመር፤ ሌላ ዘፈን፣ በሌላ ቅኝት፣ ሆን ብሎ የሚያጠፋ ነገር። ሰውን ከመንገዱ ለማስወጣት የሚደረግ እንደሆነ ለኔ ለጨርቅ ነጋዴዋም ገባኝ። በዚያ ላይ ረዘመ፤ ከአዛንም ረዘመ። ቢላን ዓይኗን መሬት ላይ ተክላ ቆማለች። በራሱ አመለከታት። ቀስቱን መለሰች፤ ሰውዬው ቶሎ ብሎ ያቺኑ ድምፅ ፒያኖው ላይ ነካት። አንድ ሆኑ። የባቡር ባንዶቹ ሽማግሌዎች በአንድ ላይ ተነፈሱ።

እንደገና እጁን አነሳ፤ ፈጣኑ ቦታ ላይ። እንደገና ሌላ ዘፈን መታባት። እንደገና ተመለሰች፤ ፍጥነቷም ያው ነው። ከዚያ ደግሞ ላይኛው ቀጭን ድምፅ ላይ፣ ጣቷ የምትደርስበት ሊያልቅባት ሲል፣ ያ ሃዎን ስንት ጫማ ያስጨረሰ ቦታ ላይ፣ አስቆማት።  ወጣቷ ፈታኝ ከወንበሯ ተነሳች። ሰውዬው ፒያኖውን ትቶ ማውራት ጀመረ፤ ስምሽ ማን ነው፣ ስንተኛ ክፍል ነሽ፣ ድሬዳዋ ሁልጊዜ እንዲህ ይሞቃል ወይ? ተንኮለኛ! ቢላን ሁሉንም በጨዋ ደንብ መለሰችለት፤ ቫዮሊኑን ግን ከትከሻዋ አላወረደችም። በራሱ አመለከታት። ያቺ ቀጭን ድምፅ ከዚያው ከነበረችበት መጣች። ሰውዬው ፒያኖው ላይ ሊያመሳክራት ጣቱን ዘረጋና ሳይነካው ተወው። ከዚያ በኋላ አላስቆማትም። እጁን ጭኑ ላይ አድርጎ እስከ መጨረሻው ሰማት።

ስትጨርስ ማንም አላጨበጨበም፤ ፈራን። ሰውዬው መነጽሩን አውልቆ ጠረገ።

«ሃያ ዓመት አስተምሬያለሁ» አለ። «ይህን ተማሪዎቼ ላይ ለማምጣት ሞክሬ ተውኩት። ማን ነው ያስተማራት?»

ሙሴ ተማም ፊቱን በሁለት እጁ ይዟል። ሙመድ ነው ወደ መስጊዱ በኩል በአገጩ ያመለከተው። ሰውዬው ወደ ወጣቷ ዞረ፤ ተያዩ፤ ወረቀቱን ስቦ ጻፈ። ልጅቷን እንወስዳለን አለ። አዳራሹ ፈነዳ። ጓድ ገዲ ሥርዓት ሥርዓት እያለ ራሱ ይዘላል። የሐረሩ ልጅ አባት የልጁን ትከሻ አቅፎ ሲወጣ ቢላን ጋ ቆመና እጇን ጨበጣት። እኔ ዓይኑን ማየት አቃተኝ።

ሲረጋጋ ሰውዬው፣ አሳዳጊዋ ማን ነው፣ ይቁምልኝ፣ አለ።

እኔ ነጠላዬን አስተካክዬ ስነሳ ምን አየሁ? ሃዎ ቆማለች። ሙመድ ቆሟል። የባቡር ባንዶቹ ክራቫታቸውን እያቀኑ ተነስተዋል። ሙሴ ተማም ከመጀመሪያውም አልተቀመጠም። ከኋላ ኮፊያ ጠላፊዎቹ በሙሉ፣ በር ላይ ደግሞ ጓድ ገዲ ሽጉጡን ወደ ጎን አድርጎ እንደ ወታደር ቀጥ ብሏል። ደሜ ፈላ። አቦ ተቀመጡ፣ ሌሊት ስታለቅስ የት ነበራችሁ፣ ብዬ ልጮህባቸው አፌን ከፈትኩ፤ መልሼ ዘጋሁት። አንዳቸውም በመቆማቸው አልዋሹም።

ሰውዬው አዳራሹን ቃኘና ፈገግ ሊል ሲል ተወው።

«የምፈልገው አንድ ሰው ነው» አለ። «ልጅቷ እዚያው ታድራለች። የምትመጣው በዓመት አንዴ ነው፣ ክረምት ላይ። ከዚያ ትምህርቷ ወደ ውጭ አገርም ሊወስዳት ይችላል። ትሂድ የሚለኝ አንድ ሰው ይቁም።»

መጀመሪያ የባቡር ባንዶቹ ተቀመጡ። ቀጥሎ ኮፊያ ጠላፊዎቹ። ሙመድ ወደኔ አየና ተቀመጠ። ሙሴ ተማም እጁን ደረቱ ላይ አድርጎ ራሱን ዝቅ አደረገልኝና ወንበሩን ፈልጎ ተቀመጠ። ሃዎም ተቀመጠች። ብቻዬን ቆሜ ቀረሁ።

ቢላን ቫዮሊኑን በክንዷ አቅፋ ታየኛለች። አልለመነችኝም፤ አታውቅበትም። አሁን ተነስታ ወደ ቤት ብትመጣ፣ ቀሚሷን አውልቃ ሻይ ብታፈላልኝ፣ ነገም ከነገ ወዲያም እንደዚያው፣ ብዬ ተመኘሁ፤ አልደብቅም። እምቢ ብል አዳራሹ ውስጥ የሚከራከረኝ አልነበረም፤ ሁሉም አንገቱን ደፍቶ ይጠብቀኛል።

«ትሂድ» አልኩ። አልተሰማም። ደገምኩት።

ማንም አላጨበጨበም። ሃዎ ክንዴን ይዛ አስቀመጠችኝ፤ እስኪመሽም አልለቀቀችኝም።